አይሁድ የትኛው ረድፍ ላይ ይቀመጡ?

ጥያቄው ሲሰሙት የሕፃናት ጨዋታ ይመስላል። አይሁድ ነጭ ናቸው ወይስ ጥቁር? ጨቋኝ ናቸው ወይስ ተጨቋኝ? ይህን ጥያቄ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ያነሡት ግን ሕፃናት አይደሉም። ዶክተሮችና ፕሮፌሰሮች፣ የምክር ቤት አባላትና ጠበቆች ናቸው። ያነሡትም በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ስለ አገሩ ሕዝቦች ምን ይማር በሚለው ጉዳይ ላይ ነው። ክርክሩ በ2019 ፈነዳ፤ እነሆ ዛሬም አልበረደም። (የማነሣቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይህን ልጽፍ ማሰቤን የነገርኩት አንድ ወዳጄም «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ሲል ተርቶብኛል። መልካም ተረት ነው። ግን ድስቱ የጋራ ቢሆንስ? በሎስ አንጀለስ ከተማ ፌርፋክስ የሚባል ጎዳና አለ፤ ለረጅም ዘመን የአይሁድ ሠፈር ሆኖ የኖረ ነው። በከተማዋ ምሥራቅ፣ በቦይል ሃይትስ፣ ከሜክሲኮና ከጃፓን ተወላጆች ጋር ጎን ለጎን ይኖሩ የነበሩት አይሁድ ኑሮ ሲቃናላቸው ወደ ምዕራብ ሲሄዱ፣ ካንተርስ የሚባለው ዝነኛ ምግብ ቤታቸውም ተከትሏቸው ወደዚሁ ጎዳና መጣ። ከዚያ ጎዳና ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ ደግሞ እንጀራው፣ ቡናውና ዕጣኑ የሚያውደው ሠፈር ይገኛል። የከተማው ምክር ቤት በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ነው። በዚያች ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የወንድሞቻችንና የእህቶቻችን ልጆች ተቀምጠው ይማራሉ። አስተማሪው ስለ አይሁድና ስለ ጥቁር ሕዝብ የሚነግረውን የሚሰሙት እነሱም ናቸው።

ሌላው ምክንያት ከዚህ ይበልጥ ቅርብ ነው። ክርክሩ የቆመበትን ሐሳብ ከሥሩ የሚያናጋው ምስክር የሚገኘው በካሊፎርኒያ ሳይሆን በጎንደር ነው። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። የካሊፎርኒያ አይሁድ «ስለ ሕዝቦች በደል የሚያስተምር መጽሐፍ የእኛን በደል ሊዘል አይገባም» ብለው መሟገታቸው ትክክል ነበር። «እናንተ ነጭ ናችሁ፤ እዚህ ቦታ የላችሁም» ብለው የመለሱላቸው ምሁራን ተሳስተዋል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አንዳንድ የአይሁድ ተሟጋቾች፣ የገቡበትን በር ለሌላው ለመዝጋት ሲሞክሩ የመጀመሪያውን ሙግታቸውን ራሳቸው አፍርሰውታል። ሦስቱንም እላለሁ፤ ለማንም ስል አንዱን አልውጥም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። አሜሪካኖች «ኤትኒክ ስተዲስ» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ «የብሔረሰቦች ጥናት» ልንለው እንችል ነበር፤ «ብሔረሰብ» የሚለው ቃል በእኛ አገር የተሸከመው ሸክም ከባድ ስለሆነ ግን «የማኅበረሰቦች ጥናት» ብዬ ልለፈው። የተወለደው በትግል ነው። በኖቬምበር 1968 የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ኮሌጅ ጥቁር ተማሪዎች ከላቲን፣ ከእስያና ከቀደምት አሜሪካውያን ተወላጆች ጋር ግንባር ፈጥረው ትምህርት አቆሙ። የፖሊስ ቆመጥ አረፈባቸው፤ ብዙዎች ታሠሩ። አድማው አምስት ወር ገደማ ፈጀ። በመጋቢት 1969 ሲያበቃ ተማሪዎቹ የጠየቁትን አገኙ፤ በዚያው ዓመት መጸው በአሜሪካ የመጀመሪያው የማኅበረሰቦች ጥናት ኮሌጅ ተከፈተ። (ያው 1969 የእኛው ዋለልኝ መኮንን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈበት ዓመት ነው። ዘመኑ በሁለቱም አገር ተማሪውን «እኔ የት አለሁ?» ያሰኘ ዘመን ነበር።)

የጥያቄያቸው ፍሬ ነገር እውነት ነበር። በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ጥቁሩ ባሪያ ሆኖ ይገባል፤ ነጻ ሲወጣ ይጠፋል። ቀደምት አሜሪካዊው ተሸንፎ ይወጣል፤ ዳግመኛ አይመለስም። ሜክሲኳዊው ጭራሹን አልነበረም። አንድ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተምሮ አያቱን በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ካላገኘ፣ ትምህርቱ የእሱ እንዳልሆነ ሳይነገረው ይገባዋል። ይህ ዝም ብሎ የስሜት ነገር አይደለም። ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣና በ2017 የታተመ ጥናት፣ በሳን ፍራንሲስኮ ውጤታቸው ዝቅተኛ የሆኑ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲወስዱ፣ በክፍል መገኘታቸው በ21 የመቶኛ ነጥብ፣ አማካይ ውጤታቸውም በ1.4 ነጥብ መጨመሩን አሳይቷል። ቁጥሩን የሚከራከሩበት ምሁራን አሉ፤ ይከራከሩበት። በአንጻሩ የአሪዞና ግዛት በ2010 ባወጣው ሕግ በተሶን ከተማ የሚሰጠውን የሜክሲኮ አሜሪካውያን ጥናት አስዘጋ፤ በ2017 አንድ የፌዴራል ዳኛ እርምጃው በዘር ጥላቻ የተነሣሣ ነው ብሎ ፈረደበት። እንግዲህ ትምህርቱ ጠላት ያለው፣ ወዳጅም የሚገባው ትምህርት ነው። ይህን ሳልል ወደ ክርክሩ ብገባ አድልዎ ይሆንብኛል።

በ2016 አገረ ገዥ ጄሪ ብራውን በፈረሙት ሕግ መሠረት ካሊፎርኒያ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሆን የናሙና ሥርዓተ ትምህርት እንዲዘጋጅ አዘዘች። ረቂቁ በ2019 ለሕዝብ አስተያየት ቀረበ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ የፈላው።

ረቂቁ የቃላት መፍቻ ነበረው። ዘረኝነት ተፈትቷል። የሙስሊም ጥላቻ ተፈትቷል፤ ተገቢ ነው። ሌሎችም የጥላቻ ዓይነቶች በየስማቸው ተዘርዝረዋል። ፀረ አይሁድነት የሚለው ቃል ግን የለም። በአንጻሩ እስራኤልን በንግድና በማዕቀብ ለማግለል የተነሣው ንቅናቄ ከሚደነቁት የማኅበራዊ ፍትሕ ንቅናቄዎች ተርታ ገብቷል። ለመማሪያ ከተመረጡት ዘፈኖች በአንዱ ውስጥም ጋዜጦችን አይሁድ እንደፈለጉ ያዟቸዋል የሚለውን ያረጀ ስም ማጥፋት የሚያስታውስ ስንኝ ነበረበት።

አንባቢ ቀኑን ያስተውልልኝ። በኦክቶበር 2018 በፒትስበርግ ከተማ አንድ ታጣቂ ምኩራብ ገብቶ 11 ሰዎች ገደለ። በኤፕሪል 2019 መጨረሻ፣ በአይሁድ የፋሲካ በዓል የመጨረሻ ቀን፣ በራሷ በካሊፎርኒያ፣ በሳን ዲዬጎ አቅራቢያ በምትገኝ ፖዌይ በተባለች ከተማ፣ ሌላ ታጣቂ ምኩራብ ገብቶ አንዲት ሴት ገደለ፤ ረቢውን ጨምሮ ሌሎችን አቆሰለ። ገዳዩ ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ስለ ጥላቻ የሚያስተምረው ረቂቅ የወጣው ከዚህ በኋላ፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ግዛት ነው። ደሙ ሳይደርቅ ማለት ነው። የጥላቻዎችን ስም ዝርዝር የሠሩ ምሁራን ሬሳ ከደጃቸው ተጋድሞ የአንዱን ጥላቻ ስም መጻፍ ረሱ! ረስተው ከሆነ ያሳዝናል። ሳይረሱ ቀርተው ከሆነ ደግሞ ከማሳዘንም ያልፋል።

በግዛቱ ምክር ቤት ያሉ የአይሁድ አባላት ቡድን በጁላይ 2019 ተቃውሞውን በጽሑፍ አቀረበ። ብቻውን አልነበረም። ሲኮች፣ አርመኖች፣ ሂንዱዎች፣ ኮሪያውያንም «እኛስ?» አሉ። በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ጂሜና የተባለ የመካከለኛው ምሥራቅና የሰሜን አፍሪካ አይሁድ ድርጅት ደግሞ ከሁሉ ብልህ የሆነውን መንገድ ያዘ። ጩኸቱን በጩኸት ከመመለስ ይልቅ ትምህርቱን ራሱ ጽፎ አቀረበ። ይህን አደንቃለሁ። «ረሳችሁን» ብሎ መጮህ ቀላል ነው። «እንዲህ ብላችሁ አስተምሩ» ብሎ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ከነጥያቄው አዘጋጅቶ ማምጣት ግን እጅ ያለው ሰው ሥራ ነው።

የተሰጣቸው መልስ ምን ነበር? ባጭሩ ሲጨመቅ እንዲህ የሚል ነው፦ የማኅበረሰቦች ጥናት አራት ምሰሶዎች አሉት፤ ጥቁሮች፣ ላቲኖች፣ እስያውያንና ቀደምት አሜሪካውያን። በትግል የተገኘ ነው። አይሁድ አውሮፓውያን ናቸው፤ በአሜሪካ ነጭ ሆነዋል፤ የነጭነት ጥቅም ያገኛሉ። ሁሉም ከገባበት ትምህርቱ ይሟሟል።

ከዚህ መልስ ውስጥ እውነትነት ያለው አንድ ነገር አለ። የአንድ መንፈቅ ትምህርት ሰዓቱ ውስን ነው፤ መቶ ሕዝብ በአንድ መንፈቅ ቢታጨቅ የስም ዝርዝር እንጂ ትምህርት አይሆንም። አራቱ ምሰሶዎችም በደም የተተከሉ ናቸው። ነገር ግን አብዛኛዎቹ የአይሁድ ተሟጋቾች መቼ አምስተኛ ምሰሶ ይተከልልን አሉ? የጠየቁት ስለ ጥላቻ ሲነገር የእኛም ጥላቻ በስሙ ይጠራ፤ ስለ እኛ ሲነገር ደግሞ በሐሰት አይነገር ነው። ይህ የሚሟሟው ምን ዓይነት ትምህርት ቢሆን ነው?

ሌላው ሁሉ ግን ከድንቁርና የሚቆጠር ነው። በ1915 በጆርጂያ ግዛት ሊዮ ፍራንክን ከእስር ቤት አውጥቶ ዛፍ ላይ የሰቀለው የነጮች መንጋ «ይህ ነጭ ነው፤ ተዉት» አላለም። በ1924 የአሜሪካ ምክር ቤት የስደተኞችን ኮታ ሲያጠብ፣ ከምሥራቅና ከደቡብ አውሮፓ የሚመጡትን፣ ከእነሱም ጋር አይሁድን፣ የማይፈለግ ዘር ብሎ ነው ያጠበበው። በ1939 ሴንት ሉዊስ የተባለችው መርከብ 937 ተሳፋሪዎች ይዛ፣ አብዛኞቹ ከሂትለር የሚሸሹ አይሁድ፣ የማያሚን መብራት እያዩ ወደ አውሮፓ ተመለሰች፤ ከተመለሱት 254ቱ በእልቂቱ አለቁ። ነጭነት ይህ ከሆነ ጥቅሙ ለማን ነው?

ይህም ሁሉ አውሮፓዊው ክፍል ብቻ ነው። በጁን 1941 በባግዳድ በሁለት ቀን ውስጥ ከመቶ ሰባ በላይ አይሁድ በጎረቤቶቻቸው እጅ ተገደሉ። ከ1948 ወዲህ ከዐረብ አገሮችና ከኢራን ወደ 850 ሺህ የሚገመቱ አይሁድ ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ከ1979 የኢራን አብዮት በኋላ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩት የሰፈሩት በሎስ አንጀለስ ነው። እነዚህ ሰዎች ቤታቸው ፋርስኛና ዐረብኛ ይናገራሉ። የካሊፎርኒያው ረቂቅ ግን ከባግዳድ የተሰደደችውን አሮጊት ከኒውዮርክ ባለ ባንክ ጋር በአንድ ሣጥን ከትቶ ክዳኑን ገጠመው።

አሁን ወደ ጎንደር እንምጣ። የቤተ እስራኤልን ልጅ እስቲ በዚያ ሣጥን ክተቱት። ቆዳው እንደ እኛው ጥቁር ነው። የጸሎት ቤቱን «መስጊድ» ይለዋል። ካህኑን «ቄስ» ይለዋል። ኦሪቱን የሚያነበው በግዕዝ ነው። ሰንበትን የሚያከብር፣ ስግድን የሚጾም፣ ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አዙሮ የሚሰግድ አይሁዳዊ ነው። አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ይህን ልጅ የትኛው ረድፍ ላይ ያስቀምጠዋል? ከጥቁሮቹ ጋር ካስቀመጠው አይሁዳዊነቱን ነጠቀው። ከአይሁድ ጋር ካስቀመጠው፣ አይሁድን ነጭ ብሏልና፣ ጥቁርነቱን ነጠቀው።

እኛ ደግሞ ምን አደረግነው? እዚህ ላይ ዝም ብዬ ባልፍ የወዳጄ ተረት በእኔ ላይ ይፈጸማል። ትውፊት ከዐፄ ይስሐቅ ዘመን ጀምሮ እንደሆነ ይናገራል፤ ካልተጠመቀ ርስት አያገኝም ተባለ። መሬት የሌለው ሰው ምን ይሠራል? ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ፣ ሸማ ሸመነ። ማረሻውን ከእጁ የተቀበለው ገበሬ፣ ጀበናውን ከእጇ የገዛችው እመቤት፣ ዞር ብለው «ቡዳ ነው» አሉት። ሌሊት ጅብ ይሆናል አሉት። ሕፃን ሲታመም ጣታችን ወደ እሱ ጠቆመ። ስሙን እንኳ «ፈላሻ» አልነው፤ በምድሩ ላይ እየኖረ ፈላሽ ነህ፣ መጻተኛ ነህ ማለት ነው። እንግዲህ አውሮፓዊው አይሁድን በክርስቲያን ልጅ ደም ሲወነጅል የኖረበትንና የእኛን የቡዳ ወሬ ጎን ለጎን አስቀምጡና ልዩነቱን ፈልጉ። እኔ ፈልጌ ያገኘሁት የቦታ ልዩነት ብቻ ነው።

ይህን የምለው ነገሩ ከሥነ ጽሑፋችንም የራቀ ስላልሆነ ነው። «ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን» የተባለውን ጽሑፍ ያበረከቱልን ታምራት አማኑኤል የቤተ እስራኤል ልጅ ናቸው። በፓሪስና በፍሎረንስ ተምረው መጥተው በአዲስ አበባ የቤተ እስራኤል ልጆችን ትምህርት ቤት የመሩ፣ በ1963 በኢየሩሳሌም ያረፉ ሰው ናቸው። ስለ ደራስያን የጻፉትን የሚጠቅሰው ብዙ ነው። ከየት ወገን እንደመጡ ግን ስንቱ ያውቃል? መዝለል እንዲህ ነው የሚሠራው። ማንም «አትንገሩ» ብሎ አላዘዘም፤ ሁሉም ዝም አለ፤ በቃ።

ታሪኩ ግን እዚህም አያልቅም፤ ለመማሪያ ክፍል የሚበጀው እንዲያውም ቀጣዩ ነው። በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል በእግር ሲሰደዱ በመንገድና በመጠለያ ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ እንደሞቱ ይነገራል። በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 16 ቀን 1983፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ተጫኑ። የመዲናችን ነዋሪ ያን ቅዳሜና ዓርብ ያስታውሳል። ከዚያስ? የተስፋይቱ ምድር ደረሱ፤ የእስራኤል ረቢዎች «አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል» ብለው የመንጻት ሥርዓት ጠየቋቸው። በ1996 ደግሞ የለገሱት ደም በድብቅ እየተደፋ እንደነበር ተጋለጠ፤ ሺዎች ኢየሩሳሌም ላይ ወጥተው ጮኹ። በ2015 ወታደር የሆነ ልጃቸው በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ታየ፤ እንደገና ወጡ። በ2008 ስግድን ብሔራዊ በዓል ያስደረጉት፣ ዛሬ ከ160 ሺህ በላይ የሆኑት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

በጎንደር አይሁድ ስለሆኑ ተበደሉ። በእስራኤል ጥቁር ስለሆኑ ተበደሉ። ይህን ታሪክ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በሚገባ ቢማረው፣ ጨቋኝና ተጨቋኝ በትውልድ የሚታደል የመታወቂያ ወረቀት አለመሆኑን መምህሩ ሳይሰብከው ይረዳል። የፌርፋክሱ ኢትዮጵያዊ ልጅም ራሱን በሁለቱም በኩል ያየዋል፤ አንዴ እንደ ተበዳይ ጥቁር፣ አንዴ እንደ በዳዩ የመንደር ሰው። ከዚህ የተሻለ የማኅበረሰቦች ጥናት ከየት ይመጣል?

ወደ ካሊፎርኒያ ልመልሳችሁ። ተቃውሞው ከተሰማ በኋላ የግዛቱ ትምህርት ባለ ሥልጣኖች ረቂቁ በብርቱ መታረም እንዳለበት አመኑ። አገረ ገዥ ጋቪን ኒውሰም በ2020 ትምህርቱን አስገዳጅ የሚያደርገውን ሕግ፣ ሰነዱ ገና መታረም አለበት ብለው አልፈርምም አሉ። በማርች 2021 የትምህርት ቦርዱ ወደ ዘጠኝ መቶ ገጽ የሚጠጋውን የታረመ ሰነድ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። አራቱ ምሰሶዎች ባሉበት ቆሙ፤ ከእነሱ ጎን ስለ አይሁድ፣ ስለ ሲኮች፣ ስለ አርመኖችና ስለ ዐረቦች የሚያስተምሩ ክፍሎች ገቡ። ፀረ አይሁድነትም በስሙ ተጠራ። ዓለም አልፈረሰም።

የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፉት ምሁራን ግን ተቆጥተው ስማችን ከሰነዱ ይፋቅ አሉ፤ «ነጻ የወጣ» ያሉትን የራሳቸውን ሥርዓተ ትምህርት ይዘው በየትምህርት ወረዳው ይዞሩ ጀመር። መብታቸው ነው። በሳንታ አና ከተማ የደረሰው ግን መብት አይደለም። እዚያ የትምህርት ወረዳው ኮሚቴ ሥራውን ከሕዝብ ዓይን ሸሽጎ ይሠራ ነበር ተብሎ የአይሁድ ድርጅቶች በ2023 ከሰሱት። ለፍርድ ቤት በቀረቡት መልእክቶች ውስጥ አይሁድ ስብሰባ እንዳይመጡ ትምህርቱን በበዓላቸው ቀን እናጽድቅ የሚል ሐሳብ እንደነበረ ከሳሾቹ አሳይተዋል። በፌብሩዋሪ 2025 ወረዳው ኮርሶቹን አቁሞ በይፋ እንደገና ሊያዘጋጅ ተስማማ።

ሳንታ አና! የዚህች ከተማ ስም እዚህ ላይ ሲነሣ የሚያመው አለ። በ1940ዎቹ የሜክሲኮ ተወላጅ ልጆችን ከነጭ ልጆች ለይተው የሚያስተምሩ አራት የካሊፎርኒያ የትምህርት ወረዳዎች ተከሰው ነበር፤ ከአራቱ አንዱ የሳንታ አና ነው። የወላጆቹ ጠበቃ ዴቪድ ማርከስ የተባለ አይሁዳዊ ነበር። ጉዳዩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ከጥቁሮችና ከጃፓን አሜሪካውያን ድርጅቶች ጎን የአሜሪካ አይሁድ ኮንግረስም የድጋፍ አስተያየት አስገባ። በ1947 ልጆቹ ረቱ። የጥቁሮችን የትምህርት ቤት መለያየት የሻረው ታላቁ ፍርድ ገና ሰባት ዓመት ይቀረው ነበር። ሜንዴዝ የተባለውን ይህን ክስ የማያስተምር የማኅበረሰቦች ጥናት በካሊፎርኒያ ሊኖር አይገባም። የሚያስተምረው ደግሞ የጠበቃውን ወገን እንዴት አድርጎ ይዘለዋል?

ይህን ያህል ካመሰገንኩ አሁን ደግሞ ልቆጣ። ከመጨረሻው ሰነድ ስለ ፍልስጤማውያን የነበረው ይዘት በአብዛኛው ወጥቷል። ረቂቁ ላይ የተጻፈበት መንገድ አድልዎ ነበረበት፤ እሺ። የተጣመመ ነገር ግን ይቀናል እንጂ ይወጣል? በዚያ ክፍል ውስጥ አያቱ በ1948 ከሃይፋ የወጣ ልጅም ተቀምጧል። ከባግዳድ የወጣችው አይሁዳዊት አያት ታሪክ ይነገር ብሎ የጮኸ ሰው፣ ከሃይፋ የወጣው አያት ታሪክ ሲነሣ ጆሮውን ሊይዝ አይችልም። ይዞ ከተገኘ ሙግቱ የፍትሕ መሆኑ ቀርቶ የወገን ይሆናል። አምቻ የተባለው ድርጅት ደግሞ የማካተቱን ድርድር ትቶ አስገዳጁን ሕግ ከነአካቴው ተቃወመ። የጥቁሩና የሜክሲኳዊው ልጅ ሃምሳ ዓመት የጠበቀውን ትምህርት የአንድ ረቂቅ ጥፋት ተጠቅሞ መቅበር ነው ይህ። ደግነቱ የምክር ቤቱ የአይሁድ ቡድን በዚህ አልሄደም። የማያዳላ ትምህርት ይሁን የሚል አንቀጽ አስገብቶ፣ በኦክቶበር 2021 የተፈረመውን አስገዳጅ ሕግ ደገፈ።

ይኸው ቡድን የገፋውና በኦክቶበር 2025 የተፈረመው ሌላ ሕግ ግን ያሳስበኛል። በትምህርት ቤቶች ፀረ አይሁድነትን የሚከላከል አስተባባሪ ይሾማል። ለሌሎች መድልዎች አስተባባሪዎች የሚሾም አጣማሪ ሕግም አብሮ ወጥቷል፤ ይህ መልካም ነው። የመምህራኑ ማኅበርና የዜጎች መብት ተሟጋቾች ግን ሕጉ መምህሩን ያስፈራል ብለው ተቃውመዋል፤ ፍርሃታቸውን ቀላል አድርጌ አላየውም። ካድሬ በክፍሉ በር ላይ ቆሞ ያስተማረ የእኛ አገር መምህር ይህን ለማንም ሊያስረዳ ይችላል። የፈራ መምህር የሚያከራክረውን ሁሉ ይዘላል። ሲዘል ደግሞ ፍልስጤምን ብቻ አይዘልም፤ የባግዳዱንም፣ የጎንደሩንም ይዘላል።

የ2021ዱ አስገዳጅ ሕግ ትምህርት ቤቶች ከ2025 ጀምሮ ትምህርቱን እንዲሰጡ፣ በ2030 የሚመረቁት ተማሪዎችም ያለዚህ ትምህርት እንዳይመረቁ ይላል። ይሁንና ገንዘብ ሲመደብለት ብቻ ነው የሚጸናው፤ በ2025ቱ በጀት ደግሞ አልተመደበለትም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነ። ስለዚህ አሁን ነገሩ በየትምህርት ወረዳው እጅ ነው፤ የፈለገ ያስተምራል፣ ያልፈለገ ይተዋል።

ሕጉ ግን አንድ የረባ ነገር አስቀምጧል። አንድ ወረዳ የራሱን የማኅበረሰቦች ጥናት አዘጋጅቶ ማጽደቅ ሲፈልግ በመጀመሪያ በአንድ ይፋ ስብሰባ ለሕዝብ ማቅረብ፣ ከዚያ በሌላ ይፋ ስብሰባ ማጽደቅ አለበት። በሁለቱ መካከል ወላጅ ረቂቁን ያነባል፤ ይናገራል። አይሁዱ ይመጣል፣ ዐረቡ ይመጣል፣ ሜክሲኳዊው ይመጣል። በሎስ አንጀለስ፣ በኦክላንድና በሳን ሆዜ የሚኖሩ ወገኖቻችንም የእነዚያ ትምህርት ቤቶች ወላጆች ናቸው፤ ስለ ቤተ እስራኤል፣ ርስት ስለ መከልከሉና ስለ ቡዳው ወሬ ከማንም ፕሮፌሰር የበለጠ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ስንቱ እጁን እንዳነሣ ብጠይቅ የሚመልስልኝ አለ?